ለልጆቹ የተተወች ዝምታ

ማክሰኞ

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ በጠዋት ከካልጋሪ አጠገብ ካለችው ቸስተርሚር መጡ። የሥራ ቀን ነው። ጫማቸውን ሳያወልቁ ምንጣፉ ላይ ሲቆሙ ገባኝ። “ብሌን ናት?” አልኳቸው። ያዙኝ። ልጄ ቶጎ፣ ሎሜ ላይ፣ በመኪና አደጋ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላስታውስም። በመስኮቱ የማየው በረዶ ወደ ላይ የሚወጣ መሰለኝ።

ሐሙስ

ቤቱ ሰው ሞልቷል። ቲቪውን በነጠላ ሸፍነውታል። ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ፣ “ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፈረንሳይኛ አስተማርሽ፣ አንቺ ግን ቦንዡር እንኳ አይወጣሽ!” አሉኝ። ሳቅኩ። በልጄ ልቅሶ ላይ ሳቅኩ።

ቅዳሜ

አፊ ደወለች። ሎሜ ላይ ከብሌን ጋር ትሠራ የነበረች ቶጎዋዊት ናት። ታናሿ ልጄ ሶስና ተረጎመችልኝ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ተባብረው፣ ትምህርት ቤት ለራቃቸው ልጆች በሬዲዮ ያስተምራሉ። ከሴኔጋል ይጽፋሉ፣ ከቤልጅየም መጥተው ይቀርጻሉ፣ የምታነበው የእኔ የካልጋሪ ልጅ ነበረች። አሁን ለሐዘኑ ብለው አቁመውታል። ድምፅዋ ይቀጥል ወይስ በሌላ ሰው ይተካ? እናቷ ትወስን ብለዋል።

“እማ፣ ኖ ማለት ትችያለሽ። ኢትስ ኦኬ” አለች ሶስና።

እትዬ አልማዝ ግን፣ “የሞተ ሰው ድምፅ በየአገሩ ሲዞር? እግዚኦ!” አሉ።

“መጀመሪያ ልስማት” አልኩ።

ሰኞ

በሶስና ስልክ አንዱን ትምህርት ሰማሁ። ብሌን አንድ ነገር ትጠይቅና ዝም ትላለች።

“ለምን አቆመች?”

“ኪዶቹ እንዲመልሱ ነው፣ እማ። ዌይት እያደረገቻቸው ነው።”

ይህች ልጅ እኔን ጠብቃኝ አታውቅም። “እማ፣ ሃሪ አፕ!” እያለች በሩን ከፍታ፣ ብርዱን ታስገባብኝ ነበር። ይህን ትዕግሥት የት ተማረችው?

እንደገና ጠየቀች። እንደገና ዝም አለች። ሳላስበው “አቤት” አልኩ። ያን ጊዜ ደስ ብሏት አንድ ነገር ተናገረች።

“ምን አለች?”

ሶስና እያለቀሰች፣ “ቬሪ ጉድ አለችሽ” አለችኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። በማላውቃቸው አገሮች፣ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ልጆች በአንድ ላይ ሲመልሱላት ሰማሁ። የእኔም ድምፅ መሐላቸው ነበረ።

ረቡዕ

“ይቀጥል” አልኩ። እትዬ አልማዝ ተቆጡኝ፤ ቆየት ብለው ግን ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

አስከሬኗ ዓርብ ይገባል። እንዴት እንደምቆም አላውቅም። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በምታውቁት ቋንቋ ለብሌኔ ጸልዩላት። ቃሉ ቶሎ ባይመጣላችሁም አትጨነቁ። እሷ መጠበቅ ተምራለች።