ለሚመጡት ክፍሎች የሚሆን ጩኸት

ጥር 6

ዛሬም ጀሶ። ጠዋት ሁለት የላይ መንጋጋ ቅርጽ አወጣሁ። አንዱ ተሰነጠቀ፣ ደገምኩት። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ለአንዲት አሮጊት ነው። በጥርስ ሐኪሙ በኩል "ሳቄ እንዳይቀየር" ብላ ልካብኛለች። አይቻት የማላውቅ ሰው ሳቅ... ከየት አምጥቼ?

ከሰዓት ወንድሜ ጋሼ መጣ፣ የፊልሙን የክፍል አምስት ክራንቻ ሊለካ። ገና ከበሩ "አጎቴ መጣ!" ተባለ። ወርክሾፑ ሁሉ ሥራውን ትቶ ተነሣ። ወንድሜ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ መሆኑን የሚያስታውስ የለም። ፊልሙ ላይ ዘመድ ውርስ ሊካፈል ሲሰበሰብ ከሬሳ ሣጥኑ ብድግ ብሎ "ቁርሴስ?" ያለ ቀን የራሱ ስም ጠፋ፣ በፊልሙ ስም አጎቴ ሆኖ ቀረ። ይሄው መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር "ቁርሴስ?" ይሉታል። ደስ ይለዋል።

ክራንቻውን አጠለቀ። መስታወቱ ፊት ቆሞ ሊያገሣ አፉን ከፈተ። ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጥጥ አለ። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

"ጉንፋኑ አሁንም አልለቀቀህም?"

"አቧራ ነው። አንቺም ጀሶሽን አራግፊ፣ ሚጣ።"

ይሄን ያህል ዕድሜ ይዤ ሚጣ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

ጉንፋኑ ከመቼ ጀምሮ ነው? ከክረምት ወዲህ መሰለኝ...

ጥር 9

እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ በቀጭን ካሜራ ጉሮሮውን አየች። ከውስጥ ለምርመራ ቁራጭ ወሰደች። ጋሼ ሲወጣ፣ "ካሜራዋ ከእኛው ይሻላል" አለ።

ጥር 17

ውጤቱ መጣ። የበሽታውን ስም መጻፍ አልፈልግም። ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው የበቀለው።

"ሙሉውን ማውጣት አለብን" አለች ሐኪሟ። "ከዚያ በኋላ በአንገትዎ በኩል ይተነፍሳሉ። ግን ይኖራሉ።"

"ድምፄስ?"

"አብሮ ይሄዳል።"

"ትንሽ ቢቆይስ?"

"ከቆየ ይሰራጫል። ያኔ እኔም አልነካዎትም። ዛሬ ነገ የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።"

ታክሲ ውስጥ አንድም ቀልድ አልነበረም። ቤቱ በር ላይ ስንደርስ፣ "ክፍል አምስትን ሳልጨርስ ቢላ አይነካኝም" አለ።

"መቼ ያልቃል?"

"ዳይሬክተሩ ሰርግ ሲያጣ።"

እውነቱን ነው። ሰውየው የሚኖረው የሰርግ ቪዲዮ እያነሣ ነው። ሰርግ በሌለበት ቀን ብቻ ፊልም ይቀርጻል። ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ሁለት ወርም።

ለዳይሬክተሩ ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ። በእናታችን አጥንት። ማልኩ። ምን ነክቶኝ ነው የማልኩት?

ጥር 19

ሥራ ላይ ሰም አቃጠልኩ። የአንድ ሰውዬ ሙሉ የታች ጥርስ ተበላሸ። አለቃዬ "ምነው ዛሬ?" አለኝ። ምንም አልኩት።

ጥር 21

ሄጄ ለመንኩት። መለመን ሲያቅተኝ ተሳደብኩ።

"ለእነዚህ ፊልሞች ብለህ ነው የምትሞተው? ሣጥኑ ካርቶን! ጢሱ የዱቄት ብናኝ! ስትነሣ የሚጎትትህ ገመድ እንኳ ይታያል!"

"ገመዱማ ይታያል" አለ። ከተናገርኩት ሁሉ ቅር ያለው ገመዱ ነው።

ከዚያ አፈርኩ። ማን ሆኜ ነው የምናገረው? ባሌ የሞተ ዓመት ምን ነበር የማየው? ሰዎች ጥሩ ጥሩ ፊልም አመጡልኝ። በደንብ የተሠራ፣ የሚያስለቅስ። አልቻልኩም። እውነት ይመስላል። እውነቱ ቤቴ ውስጥ ነበረ፣ ምን ያደርግልኛል? እኔ የማየው ክፍል ሁለትን ነበር፣ "አጎቴ አልሞተም"ን። የተቀበረው ሰውዬ አፈሩን እያራገፈ ወደ ቤቱ ይመጣል። እንዴት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሚስቱ እንኳ "ጫማህን አውልቅና ግባ፣ አሁን ነው የወለወልኩት" ነው ያለችው። ሳቅኩ። ከቀብሩ በኋላ መጀመሪያ የሳቅኩት ያኔ ነው። ገመዱን እያየሁ። ገመዱ ባይታይ ኖሮ እጮህ ነበር።

ክፍል አንድ ለሐዘን አይሆንም። አንዴ መነሣትማ በስህተትም ይሆናል። ሁለተኛ ሲመለስ ነው ልማድ የሚሆነው። ሦስትና አራት ላይ ስለ ሞቱ የሚጨነቅ የለም። ሰው የሚጨነቀው ሰው ሠራሽ ፀጉሩ ወደ ግራ መዞሩን አይቶ ነው።

ግን ጋሼ... ለራሱም ክፍል ሁለት ያለው መስሎት ይሆን?

አልጠየቅኩትም። "አዎ" ቢለኝስ?

ጥር 24

የቀረጻ የመጀመሪያ ቀን። እንደ ወትሮው በሞቱ ተጀመረ። ክፍል አንድ ላይ ሞቱን ለመጨረሻ አቆይተውት የግቢው ባለቤት ከነሣጥናቸው አባረራቸው። አጎት ሲሞት ሳይታይ ፊልሙ አለቀ። ክፍል ሁለት የመጣው በዚያ ነው፣ ስሙም ጭምር። ከዚያ ወዲህ የዳይሬክተሩ ሕግ አንድ ነው፦ "መጀመሪያ ግደሉት፣ ሌላው ይደርሳል።"

ደሙን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ቀይ የከረሜላ ቀለም፣ ስኳር ውሃ፣ ትንሽ ዱቄት። በቁራጭ ፌስታል አስሬ ከክራንቻው ጀርባ እሸጉጥለታለሁ። ሲነክሰው ይፈሳል። መጀመሪያ ሲሞት ዳይሬክተሩ "ቀጠነ! ድገሙት!" አለ። አወፈርኩት። ሌላ ፌስታል አሰርኩ። ገና ልሰጠው ስል "ጀምር!" ተባለ፣ ጋሼ ጀመረ። አገሣ፣ አሳለው፣ ተንገዳገደ። ከአፉ ወርዶ አገጩን፣ ነጩን ሸሚዝ...

"እሰይ! ይሄ ነው ደም!" ዳይሬክተሩ ዘለለ። "እትዬ፣ ምን ጨመርሽበት?"

ፌስታሉ እጄ ላይ ነበር።

ሁሉም አጨበጨበ። ጋሼ መሬት ላይ እንደተጋደመ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ምለሻል፣ ይላል ዓይኑ።

ጥር 25

ነገርኩት። እናቴ፣ ስለ አጥንትሽ ይቅር በይኝ።

ዳይሬክተሩ ሰርግ ሊሄድ ከረባት አስሮ ነበር። ዕቃ ቤቱ ውስጥ አገኘሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ሬሳ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ካርቶን ነው፣ ሥሩ ሰመጠ። እዚያው ሰምጦ ቀረ።

"አጨበጨብኩለት እኮ" አለ። ደግሞ፣ "አጨበጨብኩለት እኮ፣ እትዬ።"

ቀረጻው ቆመ።

ጥር 26

ጋሼ በር አልከፈተልኝም። ውስጥ ነው፣ ብሎን ሲያጠብቅ ይሰማል። "ሚጣ የምትባል እህት የለኝም" አለ በበሩ ሥር። የቀረችውን ድምፅ በዚህ ላይ ማባከኑ!

ጥር 28

ከሐኪም ቤት ተደወለ። አልጋ ተገኝቷል፣ ካልመጣ ግን ለሌላ ይሰጣል። ትንሽ ጠብቁኝ አልኩ። ደጁ ላይ ምግብ አስቀመጥኩ። ስመለስ እንዳለ ነው።

ምን ላድርግ? ፖሊስ ይጠራል? ወንድሜን ጉሮሮውን እንዲቆረጥ አስገድዱልኝ ይባላል? ይሙት፣ ደስ ይበለው ልበል? አፌን ሞልቼ ሞከርኩት፣ ብቻዬን። አልወጣም።

ጥር 30

አልከፈተም። ሳሉ በግድግዳው ያልፋል።

የካቲት 1

ዳይሬክተሩ መጣ። ጆሮም አብሮት ነበር። ጆሮ የምንለው የድምፅ ሠራተኛቸውን ነው። ለዳይሬክተሩ በሩ ተከፈተ። እኔ ከኋላቸው ሾልኬ ገባሁ። ጋሼ አላየኝም፣ ወይም አላየሁም አለ። ከስቷል። ጉንጩ ገባ ብሏል።

"እስቲ ንገረኝ" አለ ዳይሬክተሩ፣ "እኛ መቼ ነው ድምፅ በቦታው ቀድተን የምናውቀው? ሁሌ በኋላ ነው የምንለጥፈው። አሁን ደግሞ አስቀድመን እንቀዳለን። ጩኸትህን ስጠን። የክፍል አምስትን፣ የስድስትን፣ የሰባትን።"

"ክፍል ሰባት ድርሰት አለው?"

"ክፍል አራት ነበረው እንዴ?"

ጋሼ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ስንጠብቅ ቆየን።

"አካሉን ማን ሊጫወተው ነው?"

"አንተ ነሃ! ሌላ ሬሳ አለኝ?"

"አንገቴ ላይ ቀዳዳ ይኖራል እኮ።"

"አጎቴ ሙት፣ እኛ እስከ ዛሬ ለአንዲት ቀዳዳ ስንት ስንለፋ ኖረናል!"

ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ብሎን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሣ። ወደ እኔ ሳይዞር፣ "ሚጣ፣ አልጋው አለ?" አለ።

"አለ" አልኩ።

አላውቅም ነበር። ደጅ ወጥቼ ደወልኩ። ለሌላ ሰጥተውታል። ለመንኳት፣ ስልኩን ያነሣችውን ሴትዮ። ለሐሙስ ሌላ ፈልጋ ሰጠችኝ።

የካቲት 3

ወርክሾፑ ዝግ ነው፣ አለቃዬን አስፈቅጄ የጀሶ ክፍሉን ሰጠኋቸው። መስኮት የለውም። ፍራሽ በግድግዳው ዙሪያ አቆምን። ጆሮ ተቀመጠ፣ ማዳመጫውን ጫነ፣ ማዘዝ ጀመረ።

"የረሃብ።" ጋሼ ጮኸ።

"ከጉድጓድ ሥር።" ጮኸ።

"ሰርግ መሃል፣ ሙሽራዋን አይተህ።"

"ሙሽራዋ ቆንጆ ናት?"

"አጎቴ፣ ክፍል ስምንት ነው፤ እስከዚያ ትወለዳለች።"

"ቁርሴስ?" ተቆጥቶ። "ቁርሴስ?" አልቅሶ። "ቁርሴስ?" አፉ አፈር ሞልቶ፤ ለዚህ ዳቦ አጎረስኩት። ድምፁ የተሰነጠቀ ነው። ጆሮ "እንዲያውም አሁን ነው ሬሳ የመሰልከው" አለው። ትንሽ ቆይቶ በር ተንኳኳ። ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ነው፣ መቀሱን እንደያዘ።

"ኧረ ሰውየውን በማደንዘዣ ንቀሉለት! ግፍ ነው!"

"እኛ ጥርስ እንሠራለን እንጂ አንነቅልም" አልኩት። አላመነኝም።

በየመሃሉ ጋሼ ያወራኛል። "ሚጣ፣ ውሃ አቀብይኝ።" "ሚጣ፣ አፍንጫሽ ላይ ጀሶ አለ፣ አንቺም ሞተሻል እንዴ?" "እናታችን ብትሰማኝ ጎረቤት ምን ይለናል ነበር የምትለው።" አንዴ ደግሞ ዝቅ አድርጎ፣ "ስለ መሐላው ለእሷ እኔ አስረዳለሁ፣ ግን አትቸኩዪ፣ ቶሎ አላገኛትም።" ጆሮ በየጊዜው "ጸጥታ!" ይለናል።

መጨረሻ ላይ የሞት ጩኸት ጠየቀው።

"ለየትኛው ክፍል?"

"ለመጨረሻው።"

"እሱን አልሰጥም" አለ ጋሼ። ጃኬቱን ለበሰ።

የካቲት 6

ቀዶ ጥገና ገባ። አልጋውን እየገፉ ሲወስዱት ራሱን ቀና አድርጎ አፉን ከፈተ። በሩ ተዘጋ።

ምን ሊለኝ ነበር?

የካቲት 7

ይተነፍሳል። ሐኪሟ "ለጥቂት ነው የደረሳችሁት" አለች። አልተሰራጨም።

መጋቢት 4

እኔ ቤት ነው ያለው። አንገቱ ላይ ትንሽ ቱቦ አለ፣ ጠዋትና ማታ አጸዳዋለሁ። እጄ ለጥቃቅን ነገር የለመደ ነው። ሻይ ሲፈልግ ጠረጴዛውን በማንኪያ ይመታል። ሲናደድ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ትናንት የጎረቤትን ማቀዝቀዣ ከፍቶ ሲያይ ዋለ። ቀረጻው ሰርግ ሲቀል ይቀጥላል፣ ዳይሬክተሩ ለአንገቱ ቀዳዳ አዲስ ሐሳብ አለኝ እያለ ነው።

ዛሬ ጆሮ ቅጂውን ይዞ መጣ። ሦስታችን ተቀምጠን ሰማን። የረሃቡ፣ የጉድጓዱ፣ የሰርጉ። ጋሼ በእጁ እየተቸ፦ ይሄ ጥሩ፣ ይሄ እንዲያው ነው፣ ይሄ... አውራ ጣቱን አነሣ። እኔ ጠበቅሁ። አንዱ ጩኸት አለቀ፣ ሌላው ጀመረ። ጠበቅሁ።

"መሃል ላይ ያለውስ?" አልኩት።

"የቱ መሃል?"

"ሲያወራኝ። ውሃ ሲለኝ። ሚጣ ሲለኝ።"

"እሱንማ ቆርጬ ጣልኩት፣ እትዬ። ንጹሕ ይሁን ብዬ ነው። ለፊልም አይሆንም።"

"ሌላ ቦታ የለም?"

"የለም።" ያኔ ገባው። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አወረደ። "እትዬ፣ እኔ..."

ስልኬን በረበርኩ። ሁሉም ፎቶ ነው። አንድ የልደት ቪዲዮ አለ። እዚያም ክራንቻ አድርጎ ያገሣል፣ እኛም እንስቃለን።

እንግዲህ የረሃብ ጩኸት አለን። የቁጣ አለን። ገና ያልተወለደች ሙሽራ የሚያስደነግጥ አለን። "እንዴት አደርሽ" የለንም። "ሚጣ" የለንም። ማንም አላሰበው። እኔስ? አጠገቡ ተቀምጬ፣ ብርጭቆ በእጄ ይዤ።

አለቀስኩ። ጆሮ ተነሥቶ መስኮቱን ማየት ጀመረ። ጋሼ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ሁለት መዳፉን፣ ቀረጻ ሲጀመር እንደሚመታው ሰሌዳ፣ ጷ አድርጎ አጋጨ። በጣቱም አዞረልኝ። አልረባም፣ ከመጀመሪያው ድገሚው ማለቱ ነው።

"አንተ ርኅራኄ የሌለህ!" አልኩት።

እንደገና አጋጨ።

ደግሜ አለቀስኩ፣ የባሰ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ታመመብኝ ብዬ ተነሣሁ። እየሳቀ ነው። ድምፁን ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ትከሻው ግን አላቆመም።