የእትዬ ትርሓስ ኮንቴይነር ሽኝት

…ፀጋ፣ ቁም ሳጥንሽ ከደሴ ሲመጣ አንድ አይሱዙ በቅቶት ነበር፤ ሾፌሩ እንኳ፣ ስሙ ማን ነበር፣ እየዘፈነ… እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሪንከቢ ግን እትዬ ትርሓስ ጡረታ ወጥተው አገር ሊገቡ ነው። ኮንቴይነራቸው በመኪና፣ በባቡር፣ በመርከብ፣ ከጅቡቲ ደግሞ እንደገና በባቡር ይሄዳል። የዛሬው ባቡር ካመለጠ መርከቡ አይጠብቅም። አባ አድነው መኪናውን ባረኩ፣ ባቡሩን ባረኩ፣ መርከቡን ባረኩ።

«አባ፣ የጅቡቲውን ባቡር ረሱት!» አሉ እትዬ ትርሓስ።

«እትዬ፣ በዚህ አያያዛችን ባቡሩ ለብቻው ተባርኮ ይሄዳል» አለ የኮንቴይነሩ መኪና ሾፌር ሮቢ።

አባ ጠበል ሊረጩ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገቡ፤ ከፍራሹ ጀርባ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። እኔ፣ ለሮቢ አንድ ነገር ልናገር ይሆን እያልኩ፣ ይህን ፖስትካርድ እጽፍልሻለሁ። ካርዱ ሞላ፤ እናትሽንም ብሩህንም ሳሚልኝ። ሮቢ ሰዓቱን አይቶ የኮንቴይነሩን በር ዘጋው።