የቀኙ ስፒከር

የካቲት 3፣ 1964፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም በቡጢ መታው። ሬዲዮኑን ነው ደብተሬ፣ አትደንግጪ። ባሌ ከምሠራበት ስልክ ቤት ሊወስደኝ ይመጣል፣ ገና በሩን ሳልዘጋ ዷ! ሬዲዮኑ ትንሽ አጉረመረመ፣ ሁለት ቃል ዜና ተናገረ፣ እንደገና ሽሽሽ። ሻ/ል ተሳደበ። እኔ ሣቅሁ። በየቀኑ ይኸው ነው።

አሮጌው ደብተር ስላለቀ አንቺ መኪናዋን ገና አታውቂያትም። ቀይ ናት። እንግሊዝ ሠራሽ፣ ያረጀች የስፖርት መኪና። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ ሸራ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ይታጠፋል። መንገድ ሊሠራ መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሲሄድ ለባሌ ለሻምበል አየለ በርካሽ ጣላት። መድፈኛ ሰውዬ፣ ትከሻው በር የማያስገባ፣ እዚያች ውስጥ ተጣጥፎ ሲገባ ነገሌ ሁሉ ቆሞ ያያል። ግመል አጠገባችን ሲያልፍ የሚታየኝ ጉልበቱ ብቻ ነው። ሆዷ ድንጋይ በነካ ቁጥር እኔን ያመኛል። እወዳታለሁ፤ ለእሱ አልነግረውም እንጂ።

ሬዲዮኑ ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ነው። ከዳሽቦርዱ መሃል አንድ ስፒከር፣ በቃ። ቀን ምንም አይዝም፣ አመሻሽ ላይ ሁለት ጣቢያ ተደራርበው ያወራሉ። ሻ/ል ቆርጧል፤ ይነቀላል፣ ካሴት የሚያጫውት ስቴሪዮ ይገባል። ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው ሐጂ ዑስማን፣ የወንድማቸው ልጅ ሞያሌ ስላለ በእሱ በኩል ከናይሮቢ ሊያስመጡለት ተስማምተዋል። የቤታችን ጣሪያ እንደሚያፈስ ባስታውሰው ዝናቡ ገና ነው አለኝ። ምን ትይዋለሽ።

የካቲት 11፤ ከሰዓት

መጣ። በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በከብት መኪና፣ እበት እበት እየሸተተ። ስቴሪዮው ጥቁር ነው፣ ቁልፎቹ የሚያበሩ። ሁለት ክብ ስፒከሮች፣ ለየበሩ አንድ አንድ። ሻ/ል አቅፎት ቤት ገባ። እኔን ያኔ ሲያገባኝ እንዲህ አላቀፈኝም።

የሚገጥመው ስመኘው ነው፣ የመ/ቤታችን የመስመር ሠራተኛ። በሮቿን ሊቀድ መጋዝ ሲያነሳ ዘልዬ ያዝኩት። የሰው በር ይቀደዳል እንዴ! ሻ/ል ለመነኝ። ለቀቅሁ። ሲቀደድ ግን አላየሁም፣ ወጥ ቤት ገባሁ።

ተገጠመ፣ ተከፈተ፣ ጭስ። ፊዩዙ ተቃጠለ። ለካ እንግሊዞች በድሮ መኪና ላይ ባትሪውን ገልብጠው ነው የሚያስሩት፤ ከመኪናዋ አካል ጋር የተገናኘው ፖዘቲቩ ነው፣ አዲሱ ስቴሪዮ ደግሞ ኔጋቲቩን ይፈልጋል። ስመኘው ፈቶ፣ ገልብጦ፣ እንደገና ሊያስር ነው። ሻ/ል በዙሪያው እየተሽከረከረ ምጥ የተያዘች ሚስት እንዳለችው ሰው ሆነ። እኔ ስወልድ ኢላማ ተኩስ ላይ ነበር፣ ይህን እዚህ ልጻፈው።

የካቲት 13፤ ማምሻ

ሠራ!

ደብተሬ፣ እንዴት ልንገርሽ። በሊበን መንገድ ወጣን፣ ጣሪያዋን አጥፈን። ካሴቱን ከተተው። ክራሩ ከእሱ በር በኩል፣ ድምፃዊቷ ከእኔ በር በኩል። ጉልበቴ አጠገብ ተቀምጣ የምትዘፍንልኝ መሰለኝ። አለቀስኩ። እኔ ቀኑን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ የሰው «ሃሎ ሃሎ» የምሰማ ሴት፣ ድምፅ እንዲህ እንደሚያምር ረስቼው ነበር።

ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ ጠቁሯል። ቀኙ አይሠራም አለኝ። የእኔ በር ማለቱ ነው። ይሠራል አልኩት። አይሠራም፣ ክራር ብቻ ነው የሚሰማኝ፣ ዘፋኟ የት አለች አለ። እዚሁ እኔ ጋ ናት አልኩት። ሳታይው አትከራከሪ አለኝ። በጆሮ የሚሰማውን ምኑን አየዋለሁ? ተኳርፈን ተመለስን።

የካቲት 15

ስመኘው የቀኙን በር ፈታ። ሽቦው ደህና። ስፒከሩ ደህና። ሻ/ል አላመነም። እሺ ብሎ ሁለቱን አቀያየራቸው፤ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ሻ/ል መሪው ጋ ተቀምጦ አዳመጠ። አሁንም የሞተው ቀኙ ነው አለ። ከትናንት ወዲያ ሞተ ያለው ስፒከር ዛሬ በግራ በኩል ሲጮህ ደህና ነው ብሎ አደነቀው።

ስመኘው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። «እትዬ ጽጌ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብሎ መሣሪያውን ሰበሰበ። ሌላ ቀን ምን ሊሠራ እንደሚመጣ አልጠየቅሁትም።

የካቲት 21፤ ከቀኑ 6 ሰዓት

ዛሬ አፈርኩ።

በሐጂ ዑስማን ሱቅ በኩል ስናልፍ ሐጂ እጃቸውን አነሱ። ቆምን። በእኔ በር በኩል ጎንበስ አሉ። አካም ሻምበል፣ ናጋ? ናጋ። ልጆች ናጋ? ናጋ። ከብቱ፣ ሰፈሩ፣ ሥራው? ናጋ፣ ናጋ፣ ናጋ። የዚህ አገር ወግ ነው፤ ቤትሽ ተቃጥሎም ቢሆን መጀመሪያ ናጋ፣ ሰላም ነው፣ ትያለሽ፣ መርዶው ከሰላምታው በኋላ ነው የሚመጣው። መጣ። ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሞያሌ ያለው ወንድማቸው ማረፉን ነገሩን። የዚያ ስቴሪዮውን የላከልን ልጅ አባት።

ሻ/ል ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ሣቀ። «ናጋ ሐጂ፣ ናጋ!» አለ። ማርሽ አስገብቶ ሄደ።

ዘወር ብዬ ሳይ ሐጂ እጃቸውን እንዳነሱ ቆመዋል። ሻ/ልን ጮኼ አስቆምኩት። ምን እንዳሉ ስነግረው ፊቱ አመድ ሆነ። ሙዚቃው ነው አለ። ሙዚቃው አልተከፈተም ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚያው ቀን፤ 11 ሰዓት

ሻ/ል ካምፕ ሲገባ እኔ በእግሬ ለቅሶ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሐጂ ዑስማን እጄን ያዙኝ። ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ በግራው በኩል መዞር ነበረብኝ አሉኝ። ዓመት አልፎናል፣ ሱቅ ሲመጣ በግራው እንቀመጣለን፣ ወታደሮቹም በግራው ይቆማሉ። የቀኝ ጆሮውን ነገር ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሱ የምናውቅ አይመስለውም አሉኝ። አንቺ የምታውቂ ነበር የመሰለኝ ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

እኔ ነኝ ያላወቅሁት። ያቤሎ ያለው ሰው ሲተነፍስ በሽቦ የምሰማው እኔ!

አሁን ተቀምጬ ሳስብ ሁሉም ይመጣልኛል። አብረን ስንሄድ ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ነው። ለክብሬ ይመስለኝ ነበር። ቤት ውስጥ ወንበሩን ከግድግዳው ጋር ያዞረው ለብርሃኑ ይመስለኝ ነበር። በመኪናዋ ውስጥ ግን ማምለጫ የለውም፤ መሪው በግራ ነው፣ እኔ በቀኙ ነኝ። ለዚያ ነው ያንን ምስኪን ሬዲዮን ሲደበድብ የከረመው።

የካቲት 23

ፈተንኩት። ክፋቴን እዪ። እየነዳ ሳለ፣ በቀኙ በኩል፣ እንደ ወትሮው ድምፅ፦ ሆድህ መሪውን ሊነካ ትንሽ ቀረው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አዎ፣ መንገዱ ደህና ነው አለኝ። ልስቅ ነበር።

የካቲት 26፤ ከሰዓት

ዛሬ ለጥቂት ተረፍን።

የሊበን መንገድ መገንጠያ ላይ። ከብት የጫነ መኪና ከቀኝ በኩል፣ ክላክሱን ሳያቋርጥ እየነፋ። ሻ/ል እያፏጨ ሰተት ብሎ ገባበት። መሪውን ይዤ ወደ ራሴ ጎተትኩ። ከመንገድ ወጣን፣ ሆዷ ድንጋይ ላይ ወጣ፣ ቆመች። አቧራው ሲወርድ ዘፋኟ አሁንም እግሬ ሥር ትዘፍናለች። ሻ/ል እጁን ሰዶ አጠፋት።

ከዚያ ነገረኝ። በቀኙ ምንም የለም። ካቻምና ከነበረው ተኩስ በኋላ ሦስት ቀን ጮኸበት፣ ከዚያ ጩኸቱ ቆመ፣ ጆሮውም አብሮ ቆመ። ከመድፍ ሌላ የማውቀው የለም፣ ጡረታ አውጥተው ቤት ቢያስቀምጡኝ ምን እሆናለሁ አለ። መጋቢት 5 ከአዲስ አበባ የሕክምና ቦርድ ይመጣል። መኮንኖቹን ሁሉ ያያል።

አላለቀስኩም። ደህና ነህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከዚያ ተሳደብኩ። ከዚያ አለቀስኩ።

የካቲት 28

ዘዴ አለው። ሐኪሙ ከኋላ ቆሞ ቁጥር ያንሾካሹካል፣ አንዱን ጆሮህን በጣትህ ድፈን ይላል። ግራውን ድፈን ሲለው ጣቱን ላላ አድርጎ ሊይዝ ነው። አለማምጂኝ አለኝ። አንቺ ቁጥር መናገር ሥራሽ ነው አለኝ።

አለማመድኩት። ጓዳ ውስጥ፣ ከኋላው ቆሜ። አርባ ሰባት። ስድሳ ሁለት። አሥራ ዘጠኝ። ሁሉንም መለሰ። ያልፋል ደብተሬ። ዘወር ብሎ እንደ ልጅ ሣቀልኝ። እኔም ሣቅሁ፣ እጁንም ሳምኩት። ከዚያ ወዲያ ግን ምግብ አልበላ አለኝ።

መጋቢት 1

ዛሬ ስልክ ቤት አንዱ ነጋዴ ወደ ቦሬ እየጮኸ፣ መስመሩ ተቆርጦበት፣ ማዶ ያለው ሰው መስማቱን ትቶ፣ እሱ ግን መናገሩን ሳይተው ቆየ። ገመዱን ይዤ ፈዘዝኩ። ሻ/ል መድፍ ሜዳ ላይ ሲሆን «ተኩስ አቁም» የሚለው ትእዛዝ በስልክ ይመጣል፣ ስልከኛው ጮኾ ያስተላልፍለታል። በቀኙ በኩል ቢቆምስ? ከፊት ለፊት ሰው ካለስ?

ማታ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነገርኩት። ስቆጣ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ ያውቀዋል። እርስዎ የማንን ልጅ ሊገድሉ ነው አልኩት። ሐጂን ናጋ እንዳሏቸው ያንን ልጅስ ምን ይሉታል አልኩት። ሁለተኛ ቁጥር አልጠራልዎትም አልኩት።

ቆቡን አድርጎ ወጣ።

መጋቢት 2፤ ጧት

በመስኮት አየሁት። ከመኪናዋ ውስጥ፣ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መዳፉን የቀኙ በር ስፒከር ላይ አድርጓል። ሙዚቃው ቤት ድረስ ይሰማል።

በእግሩ ሥራ ከሄደ በኋላ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ግራና ቀኙን የሚያመጣጥነው ቁልፍ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ተጠምዝዟል። በእሱ በኩል ምንም አይወጣም። ሁሉም ወደ እኔ በር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ከመገንጠያው ወዲህ ስንሄድ ክራሩ ጠፍቶ ዘፋኟ ብቻ ከእኔ ጋ እንደቀረች ልብ ብዬ ነበር፤ የስመኘው ሥራ መስሎኝ። ለካ ለራሱ ምንም ሳያስቀር ነው ሲነዳኝ የከረመው። ይህን ሰው ምን ላድርገው? ጥርሴን ነክሼ እወደዋለሁ።

ቁልፉን መሃል ላይ መለስኩት።

መጋቢት 3

ምሳ ላይ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን አንስቶ በቀኜ በኩል አስቀመጠው። ተደብቆ አይደለም፣ እያየሁት። እንዲህ ነው የምሰማሽ አለኝ። ከዚያ ጨው ጠየቀ።

መጋቢት 4፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

የተቆረጠው ይኸው። ነገ ቦርዱ ፊት ሲቀርብ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቀኙ እንደማይሰማ ራሱ ይናገራል። ጣቱንም ጥብቅ አድርጎ ይደፍናል። ማሠልጠኛ ይመድቡት፣ ቢሮ ያስቀምጡት፣ ጡረታ ያውጡት፣ የሚሆነው ይሆናል። እኔ አስገድጄው አይደለም። ስልከኛው ልጅ ዛሬ በግራው ሊቆምለት ሲሮጥ በገመድ ተጠልፎ ወደቀ አለኝ። ጉልበቱ ተላጠ። ለእኔ ሲል አለኝ። ሌላ አላስረዳኝም።

ሁለተኛው፦ የምነዳው እኔ ነኝ። ድሮ የአባቴን ላንድሮቨር እነዳ ነበር፣ መንጃ ፈቃዴ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ሞከርኩ። ፍሪሲዮኑን ስለቀው እንደ ፍየል ዘለለች፣ ሁለቴ ጠፋች። ሻ/ል በእኔ ወንበር ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ይጸልያል። ሦስተኛው ላይ ሄደች። ቀስ ብለን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ክራሩም ዘፋኟም ተከፍተው።

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ በግራ ነኝ፣ እሱ በቀኝ ነው። ደህናው ጆሮው ወደ እኔ ነው። ይህች መኪና ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ተቀምጠን አናውቅም።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፦ ሆድህ መሪውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ነበር አልኩት።

መንገዱን እያየ፦ «የማንን ወጥ እየበላሁ መሰለሽ?» አለኝ።

ፍሬን ያዝኩ። መሃል ሜዳ ላይ። እንባና ሣቅ አንድ ላይ ሲመጣ መንዳት አይቻልም።

መጋቢት 5፤ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል

ሸሚዙን ተኮስኩለት። ቁርስ አልቀመሰም። ሐጂ ዑስማን በር ላይ መጥተው፣ በግራው ዞረው፣ ናጋ ብለውት ሄዱ። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ይጠብቀኛል፣ በቀኙ ወንበር። እጁን ወደ እኔ በኩል ሰዶ ክላክስ ይነፋል፣ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ ሰምቻለሁ፣ ጫማዬን እያደረግሁ ነው! በቃ፣ መጣሁ።