ተገፍቶ ወደቀ

ሰኞ

«‘የለም’ ብለህ እለፈው» አለኝ የቪዛ ቅጽ የሚሞላልን ሰውዬ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። ጥያቄው «በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል?» የሚል ነው። ባለቤቴ አማረች አጠገቤ ተቀምጣለች። ስሜን እንኳ አስተካክሎ መጻፍ ያቃተው ሰው ውሸት ያስተምረኛል! ጮህኩበት። የጮህኩት ግን ለእውነት ተቆርቁሬ አይደለም። አሻራ ሰጥቻለሁ፤ ፍርዱ ፖሊስ በሚሰጠው ማስረጃ ላይ እንደሚወጣ አውቃለሁ።

ብቸኛዋ ልጃችን ማርታ አውስትራሊያ ልትወልድ ነው። የመጀመሪያዋ ነው። አማረች አራስ ልትጠብቅ መሄድ አለባት፤ ብቻዬን አውሮፕላን አልሳፈርም ትላለች። የእኔ ማመልከቻ ከወደቀ የእሷም ጉዞ ይቀራል።

ወንጀሉ የተፈጸመው በማርታ ሠርግ ቀን ነው። የተመታው የአማረች ታናሽ ወንድም ማርቆስ ነው። የጄኔሬተሩን ናፍጣ አርፍዶ አመጣ። ፍርድ ቤቱ በገደብ ለቀቀኝ። ሽማግሌዎች አስታረቁን፤ «ሰይጣን በመሃል ገብቶ ነው» አሉ፣ አሜን አልን። እርቅ የወረደበትን ነገር መልሶ ማንሳት እኛ ዘንድ ነውር ነውና ከዚያ ወዲህ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ማክሰኞ

ቅጹ ላይ «አዎ» አልኩ። አሁን ደግሞ ማብራሪያ ይፈልጋሉ፤ የሆነውን በራስህ ቃል ጻፍ ነው የሚሉት። ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፣ አንድ ገጽ አያቅተኝም። መጀመሪያ በአማርኛ አረቀቅኩት፦ «በሠርጉ ግርግር መሃል አቶ ማርቆስ ተገፍቶ ወደቀ፤ ክንዱም ተጎዳ።»

ጥሩ ዓረፍተ ነገር መሰለኝ።

አማረች ሁለቴ አነበበችው። «ማርቆስ ቢፈርምበት ይረዳል?» አለች። ወንድሟን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብዳት ፊቷ ላይ አይቻለሁ። አይቼ፣ «ይረዳል» አልኩ።

ሐሙስ

ማርቆስ የሚኖርበት ተበላ ከተማ ደርሼ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ትርፍ ሰው እየጫነ በየመንገዱ ሲቆም ረዳቱን ተቆጣሁ። «አባባ፣ ሠርግ ረፈደብዎት እንዴ?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ማርቆስ እዚያ ሒሳብ ያስተምራል። የተቀቀለ ቦዬ በዳታ በርበሬ አቀረበልኝ። አፌን እያቃጠለኝ ወረቀቱን ሰጠሁት። አንብቦ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ማን ነው የገፋኝ?»

ቦዬዬን ቆረስኩ።

«በድንኳኑ ብረት እኮ ነው የመታኸኝ። እፈርማለሁ፤ ለእህቴ ስል እፈርማለሁ። ግን ተማሪህ ይሄን ጽፎ ቢያመጣልህ ስንት ትሰጠው ነበር?»

ከዚያ እንደ ቀልድ አወራኝ። ክንዱ ከትከሻው በላይ አይነሳም። ሰሌዳው ላይ ከግማሽ በታች ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ኋላ የተቀመጡት ስለማይታያቸው ቆመው ይገለብጣሉ። ልጆቹ «ቲቸር ወለል» ብለው ስም አውጥተውለታል።

በየዓመቱ በጊፋታ በዓል አንድ ገበታ እንቀርባለን። አላውቅም ነበር። በየትኛው እጁ እንደሚጎርስ እንኳ አይቼ አላውቅም።

እስክሪብቶውን ሲያነሳ ወረቀቱን ከፊቱ ነጠቅኩት።

ዓርብ

የሰኞውን ማስታወሻ መለስ ብዬ አነበብኩ። «የተፈጸመው»፣ «የተመታው»። ለራሴ ደብተር! ማንም በማያነበው ደብተር! አድራጊ የሌለው ግሥ ሲያይ በቀይ የሚያሰምር ሰው እኔ ነኝ።

አዲሱ ረቂቅ፦ «ማርቆስን እኔ መታሁት። በብረት መታሁት። ስላረፈደ ተናድጄ ነው። ክንዱ እስከ ዛሬ ከትከሻው በላይ አይነሳም።» ሰይጣን የለበትም።

ለአማረች አነበብኩላት። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። «የማርታ አባት፣ ይሄን እኮ በእርቁ ቀን ነበር የጠበቅነው» አለች። «የጠበቅነው» ነው ያለችው። እሷም ጭምር።

ለማርቆስ ደውዬ አነበብኩለት።

«ይሄንን እፈርማለሁ። ሰባ ሰጥቼሃለሁ» አለ።

«ሠላሳው የት ሄደ?»

«አርፍደሃል፣ ጋሼ።»

ራሱ ሳቀ።

ሰኞ

ማመልከቻዎቹ ለየብቻ ገቡ። አማረችን የእኔ ጥፋት እንዳያስቀራት ብዬ ነው። እኔን ሊከለክሉኝ ይችላሉ፤ ቢከለክሉኝ የምቆጣበት ሰው የለኝም። ብቻዋን ለመሳፈር እሺ ያለችው ዛሬ ጠዋት ነው፤ የቀሚሷን ጫፍ እያፍተለተለች።

ማታ የኤርፖርት እንግሊዝኛ አለማመድኳት። ብቻሽን ነሽ ወይ ቢሉሽ «ባለቤቴ በኋላ ይመጣል» በይ አልኳት። በእንግሊዝኛ ስትለው «ባለቤቴ መጥቷል» ሆነባት። ደገመችው፤ አሁንም «መጥቷል»።

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር።

ተውኩት። መጥቷል ትበል።