የሦስተኛው መስኮት የካርድ እድሳት ባልደረባችን ስለማረፋቸው

በጤና መድን ጽሕፈት ቤታችን የካርድ እድሳት ሠራተኛ የነበሩት ባልደረባችን ባለፈው ዓርብ ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ተገልጋዮች «እትዬ ማኅተም» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩትን እኚህን እህታችንን በማጣታችን አመራሩም ሠራተኛውም አንገታችንን ደፍተናል። የደፋነው በሐዘን ብቻ ቢሆን እንዴት በቀለለን።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በመዝገብ ቤት ተቀጥረው፣ በሁለተኛው ዓመት ወደ ሦስተኛው መስኮት ተዛወሩ። ፎቶው የተላጠን ካርድ በራሳቸው ሙጫ ይለጥፉ፣ ማንበብ ለማይችሉ አዛውንት ፎርሙን ይሞሉ ነበር። ከእሳቸው አፍ «ነገ ተመለሱ» ሲባል የሰማ የለም።

ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ማኅተም በመጥፋቱ፣ ከተረከበው ሠራተኛ በቀር ማንም ማኅተም እንዳይነካ መመሪያ ወጣ። እትዬ ማኅተም የእድሳት ማኅተሙ የሚቀመጥበትን መሳቢያ ቁልፍ አንገታቸው ላይ አሰሩት። ምሳ ሰዓት ላይ ሳይቀር አያወልቁትምና እንደ ወርቅ ሐብል አጌጡበት እያልን እናሾፍባቸው ነበር።

በዚያው ዓመት በመስኮቱ መስታወት ላይ «ካርድዎን ሳይታመሙ ያሳድሱ» የሚል ማስታወቂያ በእጃቸው ጽፈው ለጠፉ። የራሳቸውን ግን ሰልፉ ሳያልቅ አያድሱም ነበር፤ ቆሞ ከሚጠብቀው ሰው መቅደም ነውር ይመስላቸዋል። ዘንድሮ ሰልፉ አላለቀም።

ባለፈው ሰኞ ሆዳቸውን አሟቸው ከሥራ ቀሩ። ሆስፒታሉ ትርፍ አንጀት መሆኑን ቢነግራቸውም፣ የካርዱ ጊዜ በማለፉ በመድን ሊያስተኛቸው አልፈቀደም፤ ለመተኛት የሚጠየቀው ማስያዣ ገንዘብም በእጃቸው አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት ታናሽ እህታቸው ካርዱንና የመሳቢያውን ቁልፍ ይዘው ወደ እኛ መጡ። የጥበቃ ባልደረባችን በቅን ልቦና «እህቴ፣ የምታድሰዋ ሴትዮ አሟታል፤ ሲሻላት ተመለሺ» አላቸው።

«ያመማት እኮ እሷው ናት! የያዝኩትም የሷን ካርድ ነው!» አሉ እህትየው።

ኃላፊው ዘንድ ገቡ። ኃላፊውም መመሪያውን አውጥተው፣ ማኅተሙን የተረከበችው ሠራተኛ በአካል ቀርባ ካላስረከበች መሳቢያው እንደማይከፈት በትሕትና አስረዱ። ከበላይ አካል ፈቃድ ተጠየቀ፤ ረቡዕ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሐሙስ ከሰዓት ፈቃዱ መጥቶ ካርዱ ታደሰ፣ ባልደረባችንም አልጋ አገኙ። ሐኪሙ አንጀቱ ከፈነዳ መቆየቱን ነገረን።

ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ኮሚቴው ጥፋተኛ ያገኛል ብለን አንጠብቅም፤ ሁላችንም መመሪያውን አክብረናል። ያከበርነው ደግሞ ሙጫ ሳይቀር ከቤቷ እያመጣች በምታገለግለን እህታችን ላይ ነው። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፤ ማፈራችንም አይመልሳትም።

የቤተሰቡ ካርድ የተመዘገበው በሟች ስም ስለሆነ ከእንግዲህ አያገለግልም። በየወሩ የልብ መድኃኒት የሚወስዱት ወላጅ እናታቸው በአዲስ አባወራ ወይም እማወራ ስም ሌላ ካርድ ማውጣት ይኖርባቸዋል። ይህ የሚከናወነው በሦስተኛው መስኮት ሲሆን፣ መስኮቱ ተተኪ እስኪመደብ ድረስ ዝግ ነው። መቼ እንደሚመደብ አልተነገረንም።

ለእናታቸው፣ ለእህታቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና አሁንም በራፋችን ላይ ተሰልፈው ለሚገኙ ተገልጋዮች መጽናናትን እንመኛለን። ይህን መግለጫ በሦስተኛው መስኮት መስታወት ላይ ለጥፈነዋል። ቦታ ለማግኘት የእሳቸውን ማስታወቂያ ማንሳት ነበረብን፤ ሊያነሳው እጁ የታዘዘለት ሰው ስለጠፋ ግን መግለጫውን ከሥሩ ለጠፍነው።

የጽሕፈት ቤቱ አመራርና ሠራተኞች