በእኔ ኪስ ስለቀረው የራቢያ የአልትራሳውንድ ውጤት

ቀን፦ የካቲት 8 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለጦሳ ግርጌ የእናቶችና ሕፃናት ሕክምና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ በእኔ ጥፋት ያለፈ የእህቴ ልጅ የምርመራ ቀጠሮ እንዲታደስ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ኮምቦልቻ ነዋሪ ስሆን፣ ሥራዬ ቴሌቪዥን መጠገን ነው፤ ያስተማረኝ የለም፣ የተበላሸ እየፈታሁ ተማርኩት። የእህቴን ልጅ ራቢያን እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ባሏ ካሊድ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ለእርግዝና ክትትል የምናመላልሳት እኔና አማቷ ወ/ሮ ሸሪፋ ነን።

1. ጥር 30 ቀን በማዕከልዎ በተደረገላት አልትራሳውንድ፣ በጽንሱ ሆድ ውስጥ የእትብቱ ደም ሥር ከልክ በላይ ሰፍቶ ተገኘ። እርግዝናዋ ሠላሳ ሁለት ሳምንት ነበር። ከምርመራው በኋላ ሐኪሙ፣ እንዲህ ያለባቸው ብዙ ልጆች በደኅና እንደሚወለዱ፣ ነገር ግን በሰፋው ቦታ ደም ሊረጋ ስለሚችል በየሳምንቱ መታየት እንዳለበት፣ ለውጥ ከታየም ቀድሞ ማዋለድ እንደሚያስፈልግ በትዕግሥት አስረዱን።

2. ወደ ምርመራው ክፍል የሚገባው አንድ አጃቢ ብቻ ስለነበር ወ/ሮ ሸሪፋ ገቡ። የከተማውን ስክሪን ሁሉ የምከፍተው ሰውዬ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ሲወጡም «ዘይኑ፣ አንተ የቴሌቪዥን ጀርባ ስትፈታ ኑር፤ የልጁን ልብ ግን እኔ አየሁት!» አሉኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ኩፍኝ ሲይዛት ያስታመምኳት እኔ፣ ልቡን ያዩት እሳቸው! ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

3. በሚኒባስ ስንመለስ ውጤቱንና የቀጠሮ ወረቀቱን «ላንብበው» ብዬ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ያለእኔ እንዳይሄዱ፣ እስኪለምኑኝም ልጠብቅ ብዬ ነበር። ወ/ሮ ሸሪፋ ሲጠይቁኝ «ሐኪሙ ጋ ቀርቶ ይሆናል» አልኳቸው። እሁድ ቦሩ ሜዳ ለቅሶ ሄጄ ሳልመለስ የሰኞው ቀጠሮ ደረሰ።

4. ራቢያና ወ/ሮ ሸሪፋ ትናንት የካቲት 7 ቀን ያለ ወረቀት ቢመጡ፣ መዝገብ ክፍሉ እንደ ደንቡ እንደ አዲስ ታካሚ ለመጋቢት 5 ቀጠራቸው። ሠራተኛዋን አልከስም፤ ከሳሹም ተከሳሹም እኔ ነኝ። ስመለስ ራቢያ «አብሽር አጎቴ፤ ወረቀቱ ኪስዎ እንዳለ አውቄ ነበር። በአማቴ ፊት ላሳፍርዎ አልፈለግሁም፤ ያለሱም የሚያዩኝ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ዋናውን ውጤትና የቀጠሮውን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዤ አቅርቤያለሁ። ሐኪሙ ያሉት ሰባት ቀን ነው፤ እሱም ትናንት ሞላ። እስከ መጋቢት 5 ግን ገና አራት ሳምንት ያህል ይቀራል። የእኔ ጥፋት በእሷና በልጁ ላይ እንዳይቆጠር፣ በቶሎ እንድትታይልኝ እለምናለሁ። አጃቢዋም ወ/ሮ ሸሪፋ እንደሆኑ ይቀጥሉ። ራቢያ ስትፈራ የምትይዘው የእሳቸውን እጅ ነው፤ በዚህም እቀናለሁ፣ ግን እውነት ነው።

ይህን የምጽፈው ግቢዎ ውስጥ ከሁለቱ ጋር ተቀምጬ ነው። እስከዚህ ያለውን ለወ/ሮ ሸሪፋ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ወረቀቱ የት እንደነበር የሰሙት አሁን ነው። ራቢያን ደግፈው አስነሡና በርዎ ላይ ቆሙ። ዛሬ ባይሆን ነገ ይበሉን፤ ደሴ እናድራለን።

ከሰላምታና ከእፍረት ጋር

ዘይኑልአቢዲን ጀማሉዲን
(ፊርማ)