የጋራው ፋይል

ጥቅምት 4፣ እሑድ፣ ጠዋት 2፡30
ከዴም ሰፈር ወደ ዐማራት ሰፈር በረክሻ፣ በባለሦስት ጎማዋ። ቢሮ ገባሁ። ዛሬም ሌሎቹን ቡድኖች መጠበቅ ነው። የሐኪም ቀጠሮ ድረ ገጻችንን ሦስት ቡድን ይሠራዋል፣ የሚወጣው ግን ባንድ ላይ። የአንዱ ካልደረሰ ሁሉም ይቆማል። የገጾቹን መልክ የሚወስነው የጋራ ፋይል የእኔ ነው፤ አራት ዓመት ብቻዬን የጻፍኩት። ኢህሳን፣ የቀጠሮ ገጹ ቡድን መሪ፣ እንከፋፍለው ትላለች። እያንዳንዱ ቡድን ገጹን ከነመልኩ ይያዝ፣ ሲደርስለት ያውጣ። እምቢ አልኩ። አልተናደድኩም እንኳ።

ጥቅምት 7፣ ረቡዕ
ከፋርማሲው ገጽ ላይ አሮጌ የማስታወቂያ ሳጥን ደበቅኩ። በጋራው ፋይል፣ አንድ መስመር። ከሁሉም ቡድን ሥራ ጋር ወጣ። ምሳ፣ ፉል።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት
ደብተሬ፣ ከቀጠሮ ገጹ ላይ «ዶ/ር ዛሬ የሉም» የሚለው ቀይ ሳጥን ጠፍቶ ዋለ። ሰው ሐኪሙ እንደሌሉ ሳያውቅ መጣ። ከቡሪ ሰፈር የመጡ አንዲት አሮጊት ሐጃ የተዘጋ የሐኪም በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ቆይተው ወደቁ። ተርፈዋል። ሙዲራችን፣ ሥራ አስኪያጁ ኡስታዝ ከማል፣ «ገጹ የማን ነው?» አለ። ኢህሳን «የእኔ ነው» አለች። ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት፤ የማስታወቂያውና የቀዩ ሳጥን ስም በፋይሉ ውስጥ አንድ ነው። የደበቅኩት ሁለቱንም ነው። አስተካከልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ጥቅምት 11፣ እሑድ
ኢህሳን ከመሪነት ተነሣች። ሻይ ይዛልኝ መጣች።
«ሁሉም ሲወቅሰኝ አንቺ ብቻ ዝም አልሽ። አላህ ይስጥሽ» አለችኝ።
ጠጣሁት። ምንም አልተሰማኝም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ጥቅምት 12፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00
ለከማል ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መስመሩ ይኸው፣ የወጣበት ሰዓት ይኸው። ከሥሩ፦ ፋይሉ ይፍረስ። ገጹ ለየቡድኑ። የጋራ የሚሆነው ቀለምና አዝራር ብቻ፤ እሱም በተለወጠ ቁጥር የእትም ቁጥር ተሰጥቶት፣ ቡድኑ ፈትሾ ሲፈልግ የሚወስደው።
ከመላኬ በፊት ለኢህሳን አነበብኩላት። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። ከሐሙስ፣ አልኳት። ወንበሯን አዙራ ተቀመጠች።
ከማል ደብዳቤው ደርሶት በሩን ከፍቶ ያላ፣ ነይ ይለኛል። ብቻዬን ልገባ ነው። የመጀመሪያው ቃሌ፦ «የእኔ ነው»።